አያት ከልጅ ልጅ ምን ይማራል? በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደረግ የትውልዶች መማማር የተዘጋጀ ማብራሪያ

በአገራችን አያት መካሪ፣ የልጅ ልጅ ተመካሪ ሆኖ መታየቱ የቆየ ሥርዓት ነው። ተረት፣ ምርቃት፣ የዘር ቆጠራና የሥራ ልማድ በአብዛኛው ሲተላለፉ የኖሩት በምድጃ ዙሪያ፣ ከአያት ጎን በተቀመጡ ሕፃናት በኩል ነው። ይህ ሥርዓት ዛሬም ዋጋ አለው፤ ሊጠበቅም ይገባዋል። ሆኖም አያትና ሕፃን አብረው የሚውሉበትን ቤት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ትምህርቱ ከትልቅ ወደ ትንሽ ብቻ እንደማይተላለፍ ይገነዘባል። አያትም ከልጅ ልጁ የሚማረው ብዙ ነገር አለ።

ስለ ልጆች ከሚነገሩ አባባሎቻችን አንዱ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል። ሌላው ደግሞ «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፤ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላል። የመጀመሪያው ከሕፃን የሚጠበቀውን ነገር ይወስናል፤ ሁለተኛው ግን ከጥሬው መካከል ብስሉን ለይቶ ማንሣት የአዋቂው ድርሻ መሆኑን ያስገነዝባል። ይህ ጽሑፍ ስለ ብስሉ ፍሬ ነው። በተለይም ብዙ አረጋውያን የሚገባቸውን አገልግሎት ሳያገኙ እንዲቀሩ ከሚያደርጓቸው ምክንያቶች አንዱ የሆነውን፣ የመጠየቅና እርዳታ የመቀበል እፍረት፣ አንድ ሕፃን እንዴት ሊያስለቅቅ እንደሚችል ያብራራል።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት ያስፈልገዋል?

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በመደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ፣ ማለትም በ60 ዓመቱ፣ ከሥራ ሲሰናበት የሚተወው ደመወዙን ብቻ አይደለም። የዕለት መርሐ ግብሩን፣ የሥራ ባልደረቦቹንና የሚጠየቅበትን ሙያ ጭምር ይተዋል። አርሶ አደሩም እርሻውን ለልጆቹ ሲያስረክብ፣ ነጋዴዋም ሱቋን ስታስተላልፍ ተመሳሳይ ለውጥ ያጋጥማቸዋል። በዚህ ጊዜ «ከእንግዲህ እኔ ለምን እጠቅማለሁ?» የሚል ስሜት ማደሩ የተለመደ ነው። ብቸኝነትና ከሰው መገለል የአእምሮንም ሆነ የአካልን ጤና እንደሚጎዱ የዓለም ጤና ድርጅት ያስገነዝባል።

በሌላ በኩል፣ ቀድሞ በቃልና በወረቀት ይፈጸሙ የነበሩ ብዙ ጉዳዮች ዛሬ በስልክና በኮምፒውተር መፈጸም ጀምረዋል። የፋይዳ መታወቂያ፣ በቴሌብር የሚደረግ ክፍያ፣ ከባንክ የሚላክ አጭር መልእክት የዕለት ኑሮ አካል ሆነዋል። በሥራ ዘመናቸው ሌሎችን ያስተምሩና ያዝዙ የነበሩ ሰዎች በድንገት ጀማሪ ይሆናሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ «አላውቅም» ከማለት ጉዳዩን መተው ይቀላቸዋል። በዚህም ሳቢያ ሊያገኙት የሚገባ ክፍያ ይዘገያል፤ ሊያወጡት የሚገባ ማስረጃ ሳይወጣ ይቀራል፤ ወይም ሚስጥራቸውን ለማይገባው ሰው አሳልፈው ይሰጣሉ።

ትንሹ ትልቁን ያስተማረበት የቅርብ ታሪክ

ትልቅ ሰው ከትንሽ መማሩ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ንባብና ጽሕፈት በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ከአስተማሪዎቹ መካከል ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ። ከፊታቸው የተቀመጡት ደግሞ እናቶቻቸውን፣ አባቶቻቸውንና አያቶቻቸውን የሚያህሉ ጎልማሶችና አረጋውያን ነበሩ። በዚያ ዘመን ስሙን ለመጻፍ ወይም በጣት አሻራ ፋንታ ለመፈረም የበቃ ሽማግሌ፣ ከወጣት በመማሩ ክብሩ አልተቀነሰም። ዛሬም በብዙ ቤቶች ያ መማማር ያለ ዘመቻና ያለ ጥቁር ሰሌዳ ይቀጥላል።

ከሕፃን የሚገኙ አምስት ትምህርቶች

1. መጠየቅ ነውር አለመሆኑ

የአራት ወይም የአምስት ዓመት ሕፃን በአንድ ጠዋት ስንት ጊዜ «ለምን?» እንደሚል ማንኛውም አያት ያውቃል። ፀሐይ ለምን ትጠልቃለች? አንተ ለምን ጥርስ የለህም? ሕፃኑ ባለማወቁ አያፍርም፤ አለማወቁን የሚያየው ገና እንዳልተከፈተ በር ነው። አዋቂ ግን ጥያቄውን ከመሰንዘሩ በፊት «ምን ይሉኛል?» እያለ ያወጣል ያወርዳል። የልጅ ልጁን ጥያቄ በትዕግሥት የሚያዳምጥ አያት፣ በአገልግሎት መስኮት ፊት ቆሞ «አልገባኝም፤ እባክዎ ይድገሙልኝ» ለማለት የሚያስፈልገውን ድፍረት በየዕለቱ ያያል።

የእንቆቅልሽ ጨዋታችንም ይህንኑ ትምህርት በውስጡ ይዟል። መልሱን ያጣ ተጫዋች አገር ይሰጣል፤ አገር የሰጠም መልሱ ይነገረዋል። አለማወቁን ያመነ ሰው የሚከፍለው ዋጋ አንድ የጨዋታ አገር ብቻ ሲሆን፣ በምትኩ የሚያገኘው እውቀት ነው። ለልጅ ልጁ ሳይኮራ «አገር» የሰጠ አያት መሸነፍን ብቻ አልተለማመደም፤ አለማወቁን ገልጦ መልስ መቀበልን ተለማምዷል።

2. ስሕተት የመማር መንገድ መሆኑ

መራመድ የጀመረ ሕፃን በቀን ብዙ ጊዜ ይወድቃል። በወደቀ ቁጥር ዙሪያውን ያያል፤ ይነሣል፤ እንደገና ይሞክራል። ፊደል የጀመረች ልጅም «ሐ»ን ገልብጣ ትጽፍና አጥፍታ እንደገና ትጽፋለች። አረጋውያን አዲስ ነገር ሲሞክሩ ከሚገጥማቸው ችግር ትልቁ ብዙ ጊዜ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ የመሳሳት ፍርሃት ነው። በአንድ ጊዜ ማወቅ እንደማይጠበቅባቸው የሚያስታውሳቸው ከሕፃኑ የተሻለ ምስክር የለም።

3. ቂምን ለነገ አለማሳደር

ጠዋት የተቆጡት ሕፃን ለምሳ መጥቶ ከጎንዎ ይቀመጣል። ይህ ማለት አልተጎዳም ማለት አይደለም፤ ከበደሉ ይልቅ ፍቅሩን አስቀደመ ማለት ነው። ከልጆቻቸው ወይም ከወንድም እኅቶቻቸው ጋር በውርስ፣ በድንበር ወይም በአንድ ክፉ ቃል ምክንያት ለዓመታት ተኮራርፈው የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። የልጅ ልጅ ልደት ወይም የትምህርት ቤት በዓል ያስታረቃቸው ቤተሰቦችም ጥቂት አይደሉም። እዚህ ላይ አያት ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ያለ አግባብ የተቆጡትን ሕፃን «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ሥልጣንን አያሳንስም። ይልቁንም ሕፃኑ ነገ ሲሳሳት እውነቱን ለመናገር እንዳይፈራ ያደርገዋል።

4. ዛሬን በዛሬነቱ መኖር

ከአያቱ ጋር ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን የአሥር ደቂቃውን መንገድ ግማሽ ሰዓት ያደርገዋል። የጉንዳን ሰልፍ ሲያይ ይቆማል፤ ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ይወረውራል፤ የጎረቤትን ውሻ ሰላም ይላል። በሥራ ዘመኑ ለልጆቹ ጊዜ ያልነበረው አባት፣ አያት ሲሆን ይህን ጊዜ ያገኛል። ብዙ አያቶች «ልጆቼ ሲያድጉ አላየሁም፤ እነዚህን ግን እያየሁ ነው» ሲሉ የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው። ጉዞው ለጤናም ይጠቅማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት አረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት በእግር ማድረስና መመለስ ከዚህ ውስጥ ጥሩ ድርሻ ሊሸፍን ይችላል።

5. ራስን በሕፃን ማየት

ሕፃን ከምክር ይልቅ የሚያየውን ይቀዳል። አሻንጉሊቷን ስትቆጣ የአያቷን ድምፅ የምታወጣ ልጅ፣ አያቷ ራሳቸውን ሰምተው የማያውቁትን ቃል ታሰማቸዋለች። የቤት ሠራተኛዋን ወይም ጎረቤትን በንቀት መጥራት፣ ስለ ሌላ ብሔር ወይም እምነት በግድየለሽነት የተነገረ ቃል፣ ሁሉም በሕፃን አፍ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ትምህርት ከሌሎቹ ይልቅ የሚያም ነው። ነገር ግን ሰው በ70 ዓመቱም ቢሆን አነጋገሩን ሊያርም እንደሚችል የሚያረጋግጠው ይኸው ነው።

ለማብራሪያ የቀረበ ምሳሌ

የሚከተለው ምሳሌ የአንድን የተወሰነ ቤተሰብ ታሪክ አይተርክም፤ በብዙ ቤቶች የሚታየውን ለማስረዳት የቀረበ ነው።

አንዲት አያት፣ እናቷ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደችባትን የሰባት ዓመት ልጅ ያሳድጋሉ። ገንዘብ ሲላክ ስልካቸው ላይ መልእክት ይመጣል። አያቲቱ ፊደልም ቁጥርም ስለማይለዩ፣ ስልኩን ለሰፈሩ ባለ ሱቅ እየሰጡ ያስነብባሉ፤ እሱ ያላቸውን ያምናሉ። የሚስጥር ቁጥራቸውንም የሚያስገባላቸው እሱ ነው።

አንድ ምሽት አንደኛ ክፍል የገባችው የልጅ ልጃቸው የቤት ሥራዋን ስትሠራ መልእክት ይገባል። ልጅቷ ስልኩን አንሥታ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ትጠራለች፤ «አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።» አያቲቱ መጀመሪያ «አስቀምጪ፣ ሥራሽን ሥሪ» ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ግን «እስኪ ያ የመጀመሪያው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ ደብተሯ ላይ አምስትን በትልቁ ጽፋ እርሳሱን ሰጠቻቸው። በማግሥቱ ስድስትን ሲጽፉ ገልብጠው ዘጠኝ አደረጉት። እርሳሱን አስቀምጠው «ይኼ ለእኔ አይሆንም» ሲሉ ልጅቷ ላጲሷን ዘርግታ «እማማ፣ ላጲስ እኮ ለዚህ ነው የተሠራው» አለቻቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አያቲቱ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ለዩ። የተላከላቸውን የገንዘብ መጠን ራሳቸው ያነባሉ፤ የሚስጥር ቁጥራቸውን ቀይረው ለራሳቸው ብቻ ያስገባሉ። በመጀመሪያው ወር ከመልእክቱ ያነበቡት ቁጥርና በእጃቸው የገባው ገንዘብ ሲመሳከር የኖረውን ልዩነት ተረዱ። ስለ ቀደሙት ወራት ማንም ሊነግራቸው አይችልም፤ ስለሚመጡት ግን ራሳቸው ጠባቂ ሆኑ። ከዚያም ለሌላ ጉዳይ ወደ ወረዳ ሲሄዱ የተሰጣቸውን ተራ ቁጥር ራሳቸው አንብበው፣ ያልገባቸውን ጠይቀው ተመለሱ።

ልጅቷም ባዶ እጇን አልቀረችም። ጤፍ ማንፈስን፣ ጥራጥሬ መልቀምንና እንቆቅልሽ መጫወትን ከአያቷ ተማረች። መማማር የሚባለው ይህ ነው፤ ሁለቱም ሰጪ፣ ሁለቱም ተቀባይ ናቸው።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ድንበሮች

ከሕፃን መማር ማለት የአዋቂን ሸክም በሕፃን ላይ መጫን ማለት አይደለም። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ልጆች ወላጆቻቸውንና ታላላቆቻቸውን እንዲያከብሩና በሚያስፈልግ ጊዜ እንዲረዱ ኃላፊነት ይሰጣቸዋል። ይህ ኃላፊነት ግን ከዕድሜያቸውና ከችሎታቸው ጋር የተመጣጠነ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች እንዲጤኑ እናሳስባለን።

• ሕፃን አያቱን ለመርዳት ወይም ለማጀብ ሲባል ከትምህርት ገበታው መቅረት የለበትም። የጨዋታና የእንቅልፍ ጊዜውም ሊጠበቅለት ይገባል።

• የባንክና የስልክ ገንዘብ የሚስጥር ቁጥርን ለሕፃን መስጠት አይመከርም። ሕፃኑ ቁጥር መለየትን ሊያስተምር ይችላል፤ ሚስጥሩን የመጠበቅ ኃላፊነት ግን የባለቤቱ ነው።

• የቤተሰብ ጠብ፣ ዕዳና የሕመም ጭንቀት ለሕፃን የሚነገር ጉዳይ አይደለም። አያት ይህን የሚያካፍለው አዋቂ ሰው ሊኖረው ይገባል።

• አስተዳደግን በሚመለከት አያትና ወላጅ ካልተስማሙ ንግግሩ ሕፃኑ በሌለበት ይሁን።

• «እኛ በዱላ ነው ያደግነው» የሚለው አነጋገር ለድብደባ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በተቋም የተከለከለው በቤት ውስጥ መልካም ሊሆን አይችልም።

በቤት ውስጥ ሊጀመሩ የሚችሉ ቀላል ልማዶች

• በየዕለቱ አንድ የተወሰነ ጊዜ፣ ከእራት በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት ለምሳሌ፣ ለአያትና ለሕፃን ብቻ ይተዉ። ቴሌቪዥኑና ስልኩ ለዚያ ጊዜ ይዘጉ።

• ሕፃኑ በትምህርት ቤት የተማረውን ለአያቱ እንዲያስተምር ይጠይቁት። አያት ማንበብ የሚችል ቢሆንም እንኳ ይጠቅማል፤ የተማሩትን ለሌላ ማስረዳት ለልጁም ትምህርቱን ያጸናለታል።

• ለጥያቄው መልስ ከሌለዎት «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ይበሉ። ይህ መልስ ከተሳሳተ መልስ ይሻላል።

• ሕፃኑ የረዳዎትን ነገር በስሙ ጠርተው ያመስግኑት፤ «ቁጥሩን ስላነበብህልኝ አመሰግናለሁ» እንደማለት። በራሱ የሚተማመን ልጅ የሚያድገው እንዲህ ነው።

• የልጅ ልጅዎ ከእርስዎ ርቆ፣ በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ከሆነ፣ በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን በስልክ መነጋገርን ልማድ ያድርጉ። በውጭ የተወለደ ሕፃን አማርኛን ከአያቱ፣ አያትም በምስል የሚደረገውን የስልክ ጥሪ ከሕፃኑ ሊማሩ ይችላሉ።

አያት አሳዳጊ በሚሆንበት ጊዜ

ወላጆች በሞት፣ በሕመም ወይም በሥራ ስደት ምክንያት በማይኖሩበት ቤት አያት ከመካሪነት አልፎ አሳዳጊ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ፍቅር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ማስረጃም ያስፈልጋል። ወደ አገልግሎት መስጫ ከመሄድዎ በፊት የሚከተሉትን ይገንዘቡ።

የልደት ምዝገባ። ልደት ሕፃኑ በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጊዜው ያለፈበት ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ፤ የመኖሪያ አካባቢዎን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ስለ ዘገየ ምዝገባ ይጠይቁ።

ሞግዚትነት። ሁለቱም ወላጆች በሞቱ ወይም ኃላፊነታቸውን ሊወጡ በማይችሉበት ጊዜ፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሞግዚት ሊሆኑ ከሚችሉ ዘመዶች መካከል አያቶች ይገኛሉ። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ በአካባቢዎ የሚሠራበትን ሥርዓት ከሚመለከተው ፍርድ ቤት ያረጋግጡ።

በውጭ አገር ያለ ወላጅ። ወላጅ በሕይወት ኖሮ በውጭ አገር የሚሠራ ከሆነ፣ በሚኖርበት አገር ባለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት በኩል የውክልና ሰነድ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። በልጁ ስም የሚፈጸሙ ብዙ ጉዳዮች ይህን ሰነድ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ማኅበራዊ ድጋፍ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲደግፍ ያዛል። ችግር ካለብዎ ወደ ወረዳዎ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርበው ያለዎትን ሁኔታ ያስረዱ።

የጎልማሶች ትምህርት። ማንበብና መጻፍ መጀመር የሚፈልጉ አያቶች፣ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት በአካባቢያቸው የሚሰጥ መሆኑን ከወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። የልጅ ልጅ ያስጀመረውን መምህር ይቀጥለዋል።

ማጠቃለያ

ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን ሲከበር ስለ አረጋውያን ክብር ብዙ ይነገራል። ክብር ግን ሁሉን ማወቅ ማለት አይደለም። አያት የኖረበትን ይሰጣል፤ ሕፃን ደግሞ አያቱ በረጅም የሥራ ዘመን የረሳውን መጠየቅን፣ ወድቆ መነሣትንና እጅ ዘርግቶ መቀበልን ይመልስለታል። ወደ መሥሪያ ቤታችንም ሆነ ወደ ሌላ ማንኛውም አገልግሎት መስጫ ሲመጡ ይህን ትምህርት ይዘው ይምጡ። ያልገባዎትን ይጠይቁ፤ የተነገረዎት ግልጽ ካልሆነ እንዲደገምልዎ ይጠይቁ። መጠየቅ መብትዎ ነው፤ በአክብሮት መመለስም የሠራተኛው ግዴታ ነው።